የማይሄደው መኪና ጥሩምባ

ከመጽሐፍ ውስጥ ምልክት አሽትቶ በማውጣት እኔን የሚያህል ገና አልተወለደም። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልቦለዷን ስትጨርስ፣ "በየምዕራፉ የሚመላለሰውን ነገር ከፈታኸው መታሰቢያነቱ ላንተ ነው" አለችኝ።

ወዲያው አገኘሁት። ጓሮ የቆመ አሮጌ መኪና ነው። ጥሩምባው ሰፈሩን ያናውጣል፤ ጎማው ግን ንቅንቅ አይልም። እህቶቿ በተሰበሰቡበት ብድግ ብዬ፣ "ይህ ጥሩምባ ወሬው ሰማይ የሚነካ፣ ሥራው ከደጅ የማያልፍ ሰው ነው" ብዬ ተነተንኩላቸው። ሳቃቸው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ።

"ሰውየውንስ አወቅኸው፣ የኔ ጌታ?" አለች ባለቤቴ።

"ወንድምሽ ነዋ" አልኳት።

ቃሏን አላጠፈችም። መጽሐፉ ሲታተም የመጀመሪያው ገጽ፣ "ቤቴን ለሚያደምቀው ጥሩምባዬ" ይላል። ወንድሟ ይኸው እስከ ዛሬ በቅናት እንቅልፍ አጥቷል።