በምርጊት የተቀበረ ሽቦ

የሞተ አምፖል አይሸትም፤ ክፋቱ እሱ ነው። የሞተ አህያ ቢሆን መንደር ማዶ ሆኖ ያስታውቃል። አምፖል ግን ከሞተም በኋላ እንደ ሙሽራ በገለባ ተጠቅልሎ፣ ሣጥኑ ውስጥ ተደላድሎ ይቀመጣል። ውድነሽ አንድ በአንድ እያነሣች ወደ ጆሮዋ ታስጠጋና ትነቀንቀዋለች፤ ሆዱ ውስጥ የሚንሿሿውን ወዲያ፣ ዝም ያለውን ወዲህ። ዝም ያለውንም አታምነውም። ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጉት ሁለት ሽቦዎች ጋር ታገናኘዋለች፤ ከበራ ደኅና፣ ካልበራ ከሙታኑ ጋር። ከዐሥራ ሁለቱ ሰባቱ ሞተው አገኘቻቸው።

«ካፖ» አለችው አለቃዋን ቀና ሳትል፣ «ይህን ሣጥን ከጎንደር ሲመጣ የተረከብሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ዐሥራ ሁለቱም በርተዋል። ሣጥን ውስጥ ተኝቶ የሚታመም አምፖል አለ እንዴ?»

አስረስ የኦፊቺናው፣ የጥገና ቤቱ፣ አለቃ ነው። በደብረ ታቦር ምሽግ የኤሌትሪኩን ሥራ ይዞ የነበረው ጣሊያን ከወር በፊት ወደ ጎንደር ሲጠራ ቁልፉን ለእሱ ትቶለት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አስረስ ሲራመድ ቁልፉ እንዲንቃጨል ብሎ ወገቡን ይሰብቃል።

«አንቺ ጠራጊ ነሽ» አላት። «ጥረጊ።»

«እጠርጋለሁ። ቆሻሻው እግር አውጥቶ እየሄደ አስቸገረኝ እንጂ።»

ጠራጊነቷስ እውነት ነው። ሁለት ዓመት የጣሊያንን ኦፊቺና ጠርጋለች፤ በዚህም የተነሣ ውሃ ስትወርድ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ጀርባዋን ትሰጣታለች። ጣሊያኑ ግን ዐይኑ ደካማ ነበር፤ ቀጭን ሽቦ መግፈፍ ሲያቅተው ይጠራትና እሷ ትገፍፍለት ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። አየች፣ ሞከረች፣ ሁለቴ ነዘራት፣ ሦስተኛ አልነዘራትም። ፒንሳና ካቻቢቴ መያዝ፣ ማብሪያ ፈትቶ መግጠም፣ ቫልቮላ የሚሉት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱ ተቃጥሎ ቤቱን የሚያድነው ቀጭን ክር፣ የት እንደሚገባ ማወቅ፤ ይህን ሁሉ በመጥረጊያ እጀታ ተደግፋ ተማረችው። ከተማው ውስጥ በዚህ ሥራ የሚበልጣት እንደሌለ ታውቃለች። ሌላው ባያውቅ የራሱ ጉዳይ።

አሁን ግን ከአስረስ ጋር የምትናከስበት ጊዜ አልነበረም። ወንድሟ ፈንታሁን እዚያው ምሽግ ውስጥ፣ ከኦፊቺናው በስተጀርባ፣ ከታሰረ ሃያ ስድስት ቀኑ ነው። አርበኞች ወዳሉበት ወደ ገሳይ ሲሄድ ሁለት ቁና በሶ ይዞ ተገኘ፤ አንድ ሰው ሁለት ቁና በሶ አይበላም፣ ይህ ለሽፍቶች ነው ተባለ። ሽፍታ የሚሉት አርበኛውን ነው፤ በሶውም በእርግጥ የአርበኛ ነበር። ከዚያ እስር ቤት የሚወጣው ጣሊያን የሚያምነው ሰው ዋስ ሲሆንለት ብቻ ነው። ጣሊያን የሚያምነው ሰው ደግሞ ግራዝማች ሙላቴ ነው። ሙላቴ በንጉሡ ጊዜ የንጉሡን ካባ ለብሶ የንጉሡን እጅ ይስም ነበር፤ ዛሬም ካባው ያው ነው፣ የሚስመው እጅ ተለወጠ እንጂ። ለመስቀል የምሽጉን አዛዥ፣ ኮማንዳንቴውን፣ ቤቱ ሊጋብዝ ነው። ከምሽጉ ሞተር ሽቦ ተስቦለት ቤቱ በኤሌትሪክ እንዲበራም ተፈቅዶለታል።

«ለመስቀል ቤቴ ይብራ እንጂ» ብሏት ነበር፣ «ወንድምሽን እኔው ዋስ ሆኜ አወጣዋለሁ።»

«ይማሉልኝ።»

ሙላቴ ድሮ የሚምለው በንጉሡ ነበር፤ አሁን በማን እንደሚምል ገና አልለየለትም። «በሮማ መንግሥት» አለ ኋላ።

«እሱ ሩቅ ነው፣ አይሰማም። በልጅዎ ይማሉልኝ።»

ጥርሱን ነክሶ በልጁ ማለላት።

መስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው የተሠራውን ልትፈትሽ ወደ ቤቱ ሄደች። ሽቦውን አስረስ ከሳምንት በፊት ዘርግቶ ጨርሷል። አዳራሹ ውስጥ ገብታ ዞር ዞር ብላ ብታይ አራት አምፖል ከማገሩ ተንጠልጥሏል፣ አራት ማብሪያ ግድግዳው ላይ አለ፤ ሽቦ ግን የለም።

«ሽቦው የታለ?»

«ግድግዳው ውስጥ ነዋ!» አለ ሙላቴ ደስ ብሎት። «እኔ ነኝ ያስቀበርሁት። በጌታ ቤት እንደ በረት ገመድ ይንጠልጠል? ሴቶቹ በምርጊት መረጉት፣ በላዩ በእበት ለቀለቁት። እይው እስቲ፣ እንቁላል አይመስልም?»

ውድነሽ መዳፏን ልታሳርፍበት ሰነዘረችና መለሰች። ምርጊቱ አልደረቀም። የመስከረም ጭቃ ነው፤ ክረምቱን ሲጠጣ የከረመ ግድግዳ፣ በላዩ ሌላ ጭቃ፣ በዚያም ላይ እርጥብ እበት። የቀፈፋት እበቱ አይደለም። እበት የላም ነው፤ ላም ሰው አትሸጥም።

ከምሽጉ የሚመጣው ሽቦ ከበሩ በላይ ከቫልቮላው ጋር ይገናኛል። በርጩማ ላይ ወጥታ ቫልቮላውን ነቀለችና በቦታው የመፈተሻ አምፖሏን አስገባች። አራቱንም ማብሪያዎች አጠፋች። ሁሉ ከጠፋ መብራቱ መሄጃ የለውም፤ መሄጃ ከሌለው ይህች አምፖል ጨልማ መቅረት አለባት። ጋን ሞልተው ከድነው ሲያበቁ ከሥሩ ርሶ ከተገኘ ጋኑ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ነገሩ ከዚህ አይዘልም። ሞተሩን አስነሡ ብላ ወደ ምሽጉ ላከች።

አምፖሏ ቀላች። አልበራችም፤ እንደ ሰካራም ዐይን ደም ለበሰች።

«በራ!» አለ ሙላቴ።

«አልበራም። ግድግዳዎ እያፈሰሰ ነው።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ እመይ ጌጤ ጠላ በእንስራ ታቅፈው ከጓዳ ወጡ። በዚህ ቤት ጋን ሲያጥቡ ያረጁ ሴት ናቸው። እግራቸው ባዶ፣ ወለሉም ተረጭቶ እርጥብ። «አይንኩት!» ብትል አልደረሰችም፤ አዳልጧቸው ግድግዳውን በመዳፋቸው ደገፉ። ጩኸት እንኳ አልወጣቸውም። «እህ» የሚል ነገር ከሆዳቸው መጣ፣ እንስራው ተከሰከሰ፣ እሳቸውም ወደ ኋላ ተዘረሩ። ውድነሽ አምፖሏን ነቅላ ከበርጩማው ዘለለች።

ነፍሳቸው አለች። የቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘው «ማን ነው የመታኝ?» እያሉ ዙሪያቸውን ያያሉ።

ሙላቴ ያየው ጠላውን ነው። «ለመስቀል የተጠመቀ!» አለና ራሱን ያዘ። ቀጥሎ ወደ ውድነሽ ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «ስሚ። ኮማንዳንቴው የሚቀመጠው መሀል ነው፣ ግድግዳ አይደገፍም። ሴቶቹን አትጠጉ እላቸዋለሁ። አንቺ ብቻ ለምሽጉ ሥራው ደኅና ነው በይልኝ፤ ወንድምሽን ነገ ጧት ውሰጂ።»

ነገ ጧት። ውድነሽን ከሙላቴ ይልቅ ራሷ አስጠላቻት፤ ምክንያቱም ነገሩን ለአንድ አፍታ አሰበችው። ደኅና ነው፤ ሁለት ቃል። ፈንታሁን ነገ ከእሷ ጋር እራት ይበላል። አሮጊቷ ከወለሉ ሊነሡ ሲሞክሩ፣ መደገፊያ ፍለጋ እጃቸውን ወደዚያው ግድግዳ ዘረጉ።

«ይተውት፣ እመይ!» ብላ ሮጣ በብብታቸው ገብታ አነሣቻቸው። ከዚያ ወደ ሙላቴ ዞረች። «እስከ መስቀል ሦስት ቀን አለኝ። የማሉልኝ ይብራ ብለው ነው፣ ይግደል ብለው አይደለም። ቢላዋ ያምጡልኝ።»

ምርጊቱን በቢላዋ ስትፍቀው ሽቦው እንደ ወስፋት ወጣ። ጎማ የለበሰ አዲስ ሽቦ ነበር ከኦፊቺናው የወጣው፤ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ግን ልብሱ ያለቀ አሮጌ ነው። መጋጠሚያው ሁሉ በጨርቅ ተጠምጥሟል። አንዱን ጨርቅ ፈትታ አሸተተችና ወዲያ ወረወረችው፤ የወታደር እግር መጠቅለያ ነው።

ኦፊቺናው ተመልሳ ስትጠይቀው አስረስ አላፈረም። «ግድግዳ ውስጥ ማን ያየዋል?» አላት። አዲሱ ሽቦ አንበሳሜ ገበያ ደርሶ ልብስ ማስጫ ሆኗል።

«የቀረህን ጥቅል አሁኑኑ አውጣ። አለዚያ በሙታን የለወጥሃቸውን ሰባት አምፖሎች ኮማንዳንቴው ፊት እቆጥራቸዋለሁ፤ ማን ምን ያህል እንደሚታሰር ያን ጊዜ እናያለን።»

የቀረው ጥቅል ለማብሪያዎቹ መውረጃ ብቻ የሚበቃ ነበር። ለላይኛው አሮጌውን ከመጠቀም ሌላ መንገድ የለም። አሮጌ ሽቦ ደግሞ ከግድግዳ ርቆ፣ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ፣ ሰው እጅ ከማይደርስበት ከፍታ ከሄደ አይጎዳም፤ ጣሊያኑ እንዲህ ያለውን በነጭ የሸክላ እንክብል ላይ ነበር የሚያስረው። እንክብሉ አልቋል። ውድነሽ ግን ክረምቱን ብቻዋን ስትሞክር የከረመችው ነገር ነበራት፤ እንጨት ሲርስ ኤሌትሪክ ያሳልፋል፣ አጥንትም አያስተማምንም፣ የደረቀ የበሬ ቀንድ ግን አያሳልፍም።

ዋንጫ ሠሪው አያ ገብረመድኅን ፊታቸውን አዞሩባት። «ለባንዳ ቤት ቀንድ አልቆርጥም።»

«ለፈንታሁን ነው፣ አያ። ቤቱ ካልበራ አይወጣም።»

ሽማግሌው ሞረዳቸውን አስቀመጡ። «ስንት ያስፈልግሻል?»

«አርባ። ጣት ጣት የሚያህል፣ መሀሉ የተበሳ።»

«ዋንጫው የሚጠጣበት ሰው እስኪመጣ ይቀመጣል» አሉ። «ለዚያ ሰውዬ ጫፍ ጫፉ ይበቃዋል። ውሰጂ።»

ሁለት ቀን በመሰላል ላይ ዋለች። ሙላቴ ከሥር እየተንጎራደደ ገመድ በቤቱ መታየቱን ሲረግም፣ እሷም ላይ ሆና በሆዷ እሱን ስትረግም፣ አርባው ቀንድ በማገሩ ዙሪያ ተመታ፣ ሽቦው ከአንዱ ወደ አንዱ ተወጠረ። መጋጠሚያውን ሁሉ ሰም በጠጣ የጥጥ ክር ጠመጠመችው። በመስቀል ዕለት ከሰዓት በኋላ እንደገና ቫልቮላውን ነቅላ፣ አምፖሏን አስገብታ፣ ማብሪያዎቹን አጥፍታ ሞተሩን አስነሣች። አምፖሏ ጨለማ ነች። እንደ ሬሳ ዐይን ጨለማ። ውድነሽ በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኮማንዳንቴው ከአስተርጓሚውና ከአራት ጣሊያን ሹሞች ጋር መጣ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ሥጋው ተሰቅሏል፣ ጠጁ ተቀድቷል፣ በሩቅ የማያይ ሰው እንኳ ሙላቴ ካባውን በቅቤ ሳይሆን በላብ እንዳራሰው ያውቃል። ውድነሽ ከበሩ ሥር በርጩማዋ ላይ ቆማለች።

«አብሪው እንጂ!» አላት ሙላቴ በጆሮዋ።

«ቫልቮላው እጄ ላይ ነው። ወንድሜንና ወረቀቱን ሳላይ አይገባም።»

«ከግብር በኋላ አልሁሽ እኮ!»

«እንግዲያው ግብሩን በኩራዝ ያብሉ።»

ኮማንዳንቴው ወደ አምፖሎቹ አንጋጦ ሰዓቱን አየ። ሙላቴ ተሽቀዳድሞ በአስተርጓሚው በኩል አንሾካሾከ፤ ወታደር ተላከ። ፈንታሁን ሲመጣ በቅማሉ ላይ ነጭ እጀ ጠባብ አልብሰውታል። ፂሙ አድጓል፣ አንገቱ ቀጥኗል። የዋስትናውን ወረቀት ተቀብላ በበሩ ብርሃን ፊደል በፊደል አነበበችው። የሙላቴ ስም አለ፣ ማኅተሙ አለ። አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ቫልቮላውን ገፋችው። ከዚያ ወርዳ አራቱን ማብሪያ አንድ በአንድ ጫነች።

እልልታው ተጀመረ፤ ተጀምሮም ተቋረጠ።

ይህ ቤት ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ብርሃን ገብቶበት አያውቅም። የሠላሳ ዓመት ጥቀርሻ ከጣሪያው እንደ ጥቁር አንጀት ተንጠልጥሎ ታየ። ከሸረሪት ድር ላይ የዝንብ ሬሳ በቁና ይሰፈራል። ከአልጋው በላይ ትኋን የተጨፈለቀበት የደም ሰረዝ፣ ከሙላቴ ካባ አንገት ላይ ጣት የሚያስቆጥር እድፍ፣ ከጠጁ ላይ የተንሳፈፈ ነገር፣ ከሥጋው ላይ የሚርመሰመስ ነገር። እንግዶቹም እርስ በርስ ተያዩ፤ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ማን ለማን እንደሚያጎነብስ፣ ከማን ጥርስ ውስጥ ምን እንደቀረ።

«አበስኩ ገበርኩ!» አሉ እመይ ጌጤ ከጓዳው በር። «እዚህ ውስጥ ነው እንዴ የኖርነው?»

ኮማንዳንቴው መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ። በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ፤ ሹሞቹ በሣቅ ፈነዱ። አስተርጓሚው ዋጠው፣ አልተረጎመም። መተርጎምም አላስፈለገው።

«አጥፊው!» አለ ሙላቴ፣ ፊቱ ዐመድ መስሎ። «አጥፊው አልሁሽ!»

«ይብራ ብለው ነው የማሉት» አለች ውድነሽ። «ማብሪያው በቀኝዎ ነው፤ ጫን ማድረግ ብቻ ነው።»

ሙላቴ እጁን ዘረጋ፣ አሮጊቷን አየ፣ እጁን ሰበሰበ። ውድነሽ የወንድሟን ክንድ ይዛ ወጣች። ኦፊቺናውም ፒንሳውም ደኅና ይሰንብቱ።

ቁልቁለቱን ከወረዱ በኋላ እጇን በእርጥቡ ሣር ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። የጠጁ፣ የጎማው፣ የዚያ ጨርቅ ሽታ አልለቃት አለ።

«አትጠጊኝ፣ ቅማል አለብኝ» አላት ፈንታሁን። ጥቂት ሄዶም «እንዲያው ለእነዚህ ታበሪላቸው?» አለ። ድምፁ ውስጥ የነበረው መጸየፍ የእሷኑ ይመስላል።

«ይተያዩ» አለች።

መንገዱ ከሁለት የሚከፈልበት ደረሱ፤ በግራ ቤታቸው፣ በቀኝ ገሳይ። ፈንታሁን ቆመ። ወረቀቱን ተቀብሎ በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ አነበበው።

«ሰኞ ሰኞ ምሽግ ቀርቤ ልታይ ይላል።»

«ይላል።»

«ብቀር ዋሴ ነው የሚታሰረው።»

ውድነሽ ነጠላዋን አደግድጋ የገሳይን መንገድ ይዛ ሃያ እርምጃ ያህል ቀድማዋለች።