የግድግዳው ሠንጠረዥ

«እማዬ፣ ይህን ቁጥር ከየት አመጣሽው?»

ልጄ ራሕማ ይህን ስትጠይቀኝ ኦሎምፒያ ሰፈር፣ ከአንድ ጫማ መሸጫ ፎቅ ላይ ባለችው የእሷና የጓደኞቿ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ቆሜ ነበር። ደብተሬ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቷል። መልሱን አውቀዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቅጡ አልተኛችም፤ ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ደግማ ብትጠይቀኝ የማለቅስ ስለመሰለኝ፣ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ላጥብ ወጣሁ።

ከጎሮ ወዲህ ባለ አንድ የብረት መዳመጫ ፋብሪካ ውስጥ በጽዳት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ጥጥ ሲዳመጥ ያየ ሰው ሥራው አይጠፋውም። በእሳት የቀላ ብረት በሁለት ከባድ ሮለሮች መካከል ተጨምቆ ያልፋል፤ ባለፈ ቁጥር እየቀጠነ፣ እየረዘመ፣ በመጨረሻ ፌሮ ሆኖ ይወጣል። በሮለሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚያጠብና የሚያሰፋ መዘውር አለ። መዘውሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ክብ ሰሌዳ አለ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይጠባል። መዘውሩን የሚያዞሩት አቦይ ገብረኣብ ነበሩ፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካውም።

አቦይ ገብረኣብ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ይይዙና ቀዩ ብረት ሲያልፍ ለአፍታ ጎኑ ላይ ያስጠጉታል። እንጨቱ ይጨሳል። የተቃጠለበትን ቅርጽ አይተው ብረቱ መሙላቱን ወይም መጉደሉን ያውቃሉ፤ ከዚያ መዘውሩን ትንሽ ነካ ያደርጋሉ። ግድግዳው ላይ ማሽኑን የሸጡት ሰዎች ያዘጋጁት፣ መስታወት የለበሰ ሠንጠረዥ ተሰቅሏል። ለየትኛው ፌሮ መዘውሩ ስንት ላይ መቆም እንዳለበት ይናገራል። እሳቸው ቀና ብለውም አያዩትም።

«አቦይ፣ ሠንጠረዡ ምን ይላል?» ይሏቸዋል ወጣቶቹ ሊያበሽቋቸው።

«እሱማ በጋም ክረምትም አንድ ነገር ነው የሚለው፤ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ቢተው ግን በሠንጠረዡ አይቀልድም። አንድ ጊዜ ፌሮ ቀጥኖ ከደንበኛ ሲመለስ ማስጠንቀቂያ ጽፎባቸዋል። «ሁለተኛ ከሠንጠረዡ ከወጡ ከሥራ ይሰናበታሉ» ይላል ደብዳቤው። ይህ በሆነበት በ1989 ዓ.ም. ለጡረታ ስምንት ወር ቀርቷቸው ነበር።

ራሕማና ሁለት ጓደኞቿ በዚያው ዓመት አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠሩ ነበር። ብረቱ በሮለሮቹ መካከል ሲያልፍ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያሰላ ነው። አልገባኝም ነበርና፣

«ብረቱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ልትከቱት ነው?» አልኳት።

«እማዬ ደሞ! የሚገባው ቁጥሩ ነው። ብረቱ ምን ያህል እንደጋለ፣ ክፍተቱ ስንት እንደሆነ ትነግሪዋለሽ። እሱ ደግሞ ስንት ሚሊ ሆኖ እንደሚወጣ ይነግርሻል። አንድ ፌሮ ሳታበላሺ መቶ ጊዜ ትሞክሪያለሽ።»

«ከዚያ ትሸጡታላችሁ?»

«አንሸጠውም። እንዴት እንደተጻፈ ማንም ከፍቶ እንዲያይ፣ ስህተት ካገኘ እንዲያርም ነው የምንሰጠው።»

ብዙ የለፋችበትን ነገር በነፃ መስጠቷ አሳስቦኝ ነበር። አብረዋቸው የሚሠሩት የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ የሚስማር ፋብሪካና የእኛ ፋብሪካ ነበሩ። ከእኛ የሚፈለገው በየቀኑ የመዘውሩ ቁጥር ነው። ችግሩ አቦይ ገብረኣብ ደብተር የያዘ ሰው አጠገባቸው ሲቆም ሥራ ማቆማቸው ነው። እኔ ግን ከብረቱ የሚረግፈውን ቅርፊት ስጠርግ ዓመታት አብሬያቸው ቆሜያለሁ፤ እኔ ብጽፍ አይከፋቸውም።

«አንቺ ጻፊልኝ» አለችኝ ራሕማ። «ሰዓቱንና መዘውሩ ላይ ያየሽውን ቁጥር። ሌላ ምንም።»

የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ፊደል ቆጥሬ፣ ቁጥር ለይቼ፣ ስሜን መፈረም ችያለሁ። ከክፍል ውጭ ለቁም ነገር ስጽፍ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሰሌዳው ላይ አሥራ አንድ አነበብኩ። ቀና ብል ግድግዳው አሥራ አራት ይላል። ደነገጥኩ። ክፍል ውስጥ መምህራችን «ከጥቁር ሰሌዳው ጋር አመሳክሩ» ይለናል፤ የተመሳሰለለት ራይት ያገኛል፣ ያልተመሳሰለለት ኤክስ። እኔ የማየውና የተጻፈው ሲለያዩ ሁልጊዜ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። አሥራ አንዱን በላጲስ አጥፍቼ አሥራ አራት ጻፍኩ።

በማግስቱም አሥራ አንድ ነበር። ያን ቀን እንኳ በትክክል እንዳነበብኩ ልቤ ያውቃል። ግን ደብተሩን አቶ ቢተው ቢያየውስ? አቦይ ገብረኣብን በእኔ እጅ ላስባርራቸው? እንደገና የግድግዳውን ገለበጥኩ። አራት ሳምንት እንዲሁ አደረግኩ።

«እንዴት ጎበዝ ነሽ፣ አንድ ስርዝ የለውም!» ብላ ራሕማ ሳመችኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ።

ፕሮግራሙ ግን እምቢ አለ። ፌሮው ወፍሮ ይወጣል ይላል፤ በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያው፣ ሲለካ ግን ልኩን ነው። እነራሕማ ስህተቱን ኮዱ ውስጥ ፈለጉ። በዲስኬት ወደ ውጭ ላኩት፤ እዚያም መስመር በመስመር አነበቡት። ክፍት ነውና ሁሉም አየው። ደብተሬን ግን ማንም አልጠረጠረውም፤ ከግድግዳው ሠንጠረዥ ጋር አንድ ነዋ። የውጭዎቹ «ስሌታችሁ ከሥሩ የተበላሸ ይመስላል» ብለው ጻፉ። አቶ ቢተው «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ፋብሪካዬ የለበትም» አለ። ራሕማ ደብተሬን ገልጣ ያንን ጥያቄ የጠየቀችኝ ያን ሰሞን ነው።

በማግስቱ በውይይት ታክሲ ተሳፍሬ ስሄድ እስከ ፋብሪካው ድረስ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ብናገር አቦይ ገብረኣብ ይባረራሉ፤ ዝም ብል የልጄ ልፋት ይቀራል። ሌላ መንገድ አላገኘሁም። በቁርስ ሰዓት አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አቦይ፣ አጥፍቻለሁ።»

«ምን ሰበርሽ?»

«የእርስዎን ቁጥር ትቼ የግድግዳውን ነው የጻፍኩት።»

ዳቦውን ከአፋቸው መለሱት። «ስንት ቀን?»

«አራት ሳምንት።»

«እኔ አሥራ አምስት ዓመት ያላየሁትን ግድግዳ አራት ሳምንት ስትገለብጪው ኖርሽ? ይህን ያህል ከወደድሽው ማግባት ነበር!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ፊቴን አዩ። «ለምን እንዲህ አደረግሽ?»

«ልኩ እሱ መሰለኝ። ኋላ ደግሞ ደብዳቤውን ፈራሁልዎ።»

«ልጅሽ ታውቃለች?»

«ወላሂ ለማንም አልተናገርኩም።»

እጃቸውን በቱታቸው ጠረጉ። ወደ ምድጃው ዞሩ።

«ከነገ ጀምሮ ያየሽውን ጻፊ።»

«ደብዳቤውስ?»

«ደብዳቤው የእኔ ነው። ደብተሩ የአንቺ ነው። ጻፊ አልኩሽ።»

ስድስት ቀን ያየሁትን ጻፍኩ። ጠዋት አሥራ አንድ፣ ምድጃው ሲግል አሥራ ሁለት፣ ዝናብ በጣለ ቀን አሥር። ለራሕማ ግን አቦይን ባነጋገርኩበት ዕለት ማታ ነበር የነገርኳት፤ አልጮኸችም። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ «ሦስት ሳምንት፣ እማዬ» አለች። ያን ዕለት አብረን ወደ ቤት ስንሄድ እጄን አልያዘችኝም።

አዲሱ ቁጥር ሲገባ ኮምፒውተሩና ካሊፐሩ ተስማሙ። ምክንያቱም ታወቀ፦ የእኛ ምድጃ ማሽኑን የሸጡት ሰዎች ያሰቡትን ያህል አይግልም። በደንብ ያልጋለ ብረት አይታዘዝም፤ ስለዚህ ክፍተቱን ማጥበብ ግድ ነው። አቦይ ገብረኣብ ይህን በእንጨት ሲያውቁት ኖረዋል።

አቶ ቢተው ውጤቱን ሊያይ ኦሎምፒያ መጣ። ደብተሬን አነሳ።

«ይህ ከሠንጠረዡ የተለየው ቁጥር የማን ነው?»

ራሕማ ወደ እኔ ዞረች።

«የአቶ ገብረኣብ ነው» አልኩ። «ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ፈገግ አለ። በማግስቱ ፋብሪካው ውስጥ የግድግዳውን ሠንጠረዥ አስወረደው። በቦታው በየጠዋቱ ከፕሮግራሙ የሚታተም ወረቀት እንዲለጠፍ አዘዘ። «ከእንግዲህ መዘውሩን ማንም ማዞር ይችላል» አለ ደስ ብሎት። በሳምንቱ ለአቦይ ገብረኣብ ደብዳቤ ደረሳቸው። ስንብት አይደለም፤ ወደ ጥበቃ ክፍል ዝውውር ነው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አቦይ» አልኳቸው።

«ጻፊ ያልኩሽ እኔ ነኝ።» ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ወረቀቱ ለዛሬ ጠዋት ስንት ይላል?»

«አሥራ አንድ።»

«ልክ ነው» አሉ፤ ጓንታቸውን ለሚተካቸው ልጅ ሰጡት።

ጥበቃው በር ላይ አንድ ቀን እንኳ ሳይቆሙ፣ ለጡረታ የቀራቸውንም ጊዜ ሳይጨርሱ በግንቦት ወደ አገራቸው መቀሌ ሄዱ። ራሕማ ኦሎምፒያ ቢሮዋ ውስጥ ቀረች፤ እኔም መጥረጊያዬን ይዤ ፋብሪካው ውስጥ ቀረሁ።