በመስኮት የተለካ ተራራ

የቱሪዝም ቢሮው ጸሐፊ ተራራ የሚያውቀው በመስኮት ነበር። «የተራራ መንገዶች መምሪያ» የሚባለውን መጽሐፍ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲያዘጋጅ እግሩ ከወንበሩ ሥር ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። ቃል ግን ያውቅበታል። እሱ «ለስላሳ ዳገት» ብሎ የጻፈውን ያነበበ ሰው የጫማውን ክር ሳያስር ነው ከቤቱ የሚወጣው።

የዘንድሮው እትም ለጸሐፊው ከሁሉም ይበልጥበታል። ሰኞ ማተሚያ ቤት ሲገባ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ ሽፋኑ ላይ ሊወጣ ነው። የሽፋኑን ናሙና ለሚስቱ አሳየ፤ ለአማቱ አሳየ፤ ለጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር አሳየ፤ ያውም አፉ ተከፍቶ መናገር ስላቃተው በጣቱ እየጠቆመ።

ነገሩን ያበላሹት ደብዳቤዎች ናቸው። አንድ ጡረተኛ መምህር እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ሁለት ሰዓት ይፈጃል ያላችሁት መንገድ ሰባት ሰዓት ፈጀብኝ። ወይ ሰዓታችሁ ተበላሽቷል፣ ወይ እኔ ሞቼ የነገረኝ ሰው የለም።» አዲስ ሙሽሮች ደግሞ ለሽርሽር ወጥተው ሊፋቱ ምንም እንዳልቀራቸው ገለጹ።

ሥራ አስኪያጇ ደብዳቤዎቹን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። ስልሳ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ግራ ጉልበታቸውን በፋሻ የሚያስሩ ሴት ናቸው።

«ቅዳሜ ጠዋት መምህሩ የወጡትን መንገድ አብረን እንወጣለን» አሉት። «ሁለት ሰዓት ከፈጀ ሰኞ ይታተማል። ካልፈጀ ስምህን ከሽፋኑ አወጣና አንተን መጋዘን አስገባለሁ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«መንገዱን የሚለካልህንም ሰው ይዘኸው ና።»

መንገድ ለኪው የጸሐፊው ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። ብስክሌት ላይ ሲወጣ ስለማይጨበጥ ሰፈሩ «ነፋሱ» ይለዋል። ሥራውን ያስያዘው ራሱ ጸሐፊው ነው። አሠራራቸው ቀላል ነበር፦ ጸሐፊው ቅጽ ይሰጠዋል፤ ነፋሱ መንገዱን በብስክሌት ይሄድበትና የፈጀበትን ደቂቃ ሞልቶ ይመልሳል፤ ጸሐፊው ደግሞ «ለእግረኛ» ብሎ በሦስት ያባዛዋል። ሦስትን ከየት እንዳመጣው የጠየቀው ሰው የለም።

ቅዳሜ መውጣት ጀመሩ። ከተነሡ ሁለት ሰዓት ሲሞላቸው የሥራ አስኪያጇ መኪና ገና ከእግራቸው ሥር ይታያል፤ ታርጋው ሊነበብ ምንም አልቀረው። ጸሐፊው ነፍሱ አፍንጫው ሥር ደርሳለች። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ካልሲው ውስጥ ቆስሎ ይጮህበታል። ሥራ አስኪያጇ ከፊት ናቸው፤ ኩርባ በዞሩ ቁጥር ከመጽሐፉ በቃላቸው ይጠቅሱለታል።

«'ጎብኚው እየተዝናና የሚወጣው!' እየተዝናናህ ነው ወይ?»

ነፋሱ ብስክሌቱን እየገፋ ይከተላል። መንገዱ ለሁለት ከተከፈለበት ቦታ ሲደርሱ ቆመና፣ ለተራራው ጀርባውን ሰጥቶ ቁልቁል ማየት ጀመረ። ከዚያ ወደ ኋላው ሦስት እርምጃ ሄደ።

«ምን ነካህ?» አለ ጸሐፊው።

«መንገዱን እየለየሁ ነው።»

«በጀርባህ?»

«ከታች በኩል ሲመጡ አላውቀውማ!»

ጸሐፊው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ነፋሱ ወደ ላይ አየት አድርጎ ሥራ አስኪያጇ መራቃቸውን ካረጋገጠ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማኝ ወንድሜ። ከተራራው ጀርባ አስፋልት አለ። ድንጋይ ሊጭኑ የሚወጡ መኪኖች ብስክሌቴን እስከ ጫፍ ያወጡልኛል። ከዚያ ቁልቁል እለቀዋለሁ። አርባ ደቂቃ! ፍሬን ሳልነካ።»

«የመጽሐፉን ሃያ ሦስት መንገድ በሙሉ እንዲህ ነው የለካኸው?»

«ኧረ ሃያ ሁለቱን ብቻ። አንዱ ሜዳ ነው።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግረኝ?»

«ቅጽህ ላይ ሽቅብ ወይስ ቁልቁል የሚል ጥያቄ አለ? የፈጀብህ ደቂቃ ነው የሚለው፤ የፈጀብኝን ሞላሁ። ዳገት ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ቢያዘጋጀው ኖሮ ይጠይቀኝ ነበር።»

ይኼ ጸሐፊውን ከጣቱ ቁስል ይልቅ አመመው።

«እህቴን አስብ እንጂ» አለ ነፋሱ። «ናዳ መንገዱን አበላሸው በላቸው። አንተ መቼም ቃል አይቸግርህ።»

እውነትም አልቸገረውም። «ባለፈው ክረምት በደረሰው ያልተጠበቀ ናዳ ምክንያት...» የሚለው ዓረፍተ ነገር ተወልውሎ ምላሱ ላይ ቀርቦለታል። ከኋላው ሽፋኑ ታየው፤ ስሙም ከነፊደሉ ታየው። መጋዘኑም ታየው፤ አይጦቹ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እትም የሚበሉበት መጋዘን። አፉን ከፈተ። የቆሰለው ጣቱ ግን አብሮት ለመዋሸት አልፈቀደም። ሰባት ሰዓት ሙሉ እዚህ ዳገት ላይ ሲወጡ እሱን ሲረግሙ የዋሉት ጡረተኛ መምህር ድንገት ዘመድ መሰሉት።

«እናንተ!» አሉ ሥራ አስኪያጇ ከላይ። «ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?»

ጸሐፊው ተነሣ።

«እትዬ፣ ከሃያ ሦስቱ መንገድ ሃያ ሁለቱ የተለኩት ቁልቁል ነው። በብስክሌት። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ በሦስት ያባዛሁትም እኔ ነኝ።»

«አወይ ወንድሜ፣ ጉድ ሠራኸኝ!» አለ ነፋሱና ብስክሌቱ ላይ ተደፋ።

ሥራ አስኪያጇ ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ፤ ፋሻቸው እስኪፈታ ሳቁ።

«ስድስት እትም!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ስድስቱንም 'ተመርምሯል' ብዬ የፈረምኩት እኔ! በል፣ ማተሚያ ቤቱ ይጠብቅ። ሃያ ሁለቱንም መንገድ ሽቅብ በእግርህ ትለካለህ። እሱ ብስክሌቱን እየገፋ ይከተልሃል።»

«መጋዘኑስ?»

«መጋዘን መግባትማ ዕረፍት ነው!»

«ስሜስ፣ እትዬ?» አለ ጸሐፊው።

«ስምህማ ይወጣል፤ በትልልቁ ፊደል። ሰው እዳገቱ መሐል ሲደርስ ማንን እንደሚረግም ማወቅ አለበት።»

ጸሐፊው ደስ ይበለው ወይስ ያልቅስ ግራ ገብቶት ቆመ። ነፋሱ ቀና ብሎ በጣቱ ቆጠረ።

«ሃያ አንድ ነው የሚቀረን፣ እትዬ። ይኼንንማ ወጣነው አይደል?»

«ገና መች ወጣነው?» አሉና ፋሻቸውን አጥብቀው መንገድ ጀመሩ።