ሳይቀመጥበት የሸጠው ወንበር

አናጢው ሠርቶ የጨረሰውን ወንበር መጀመሪያ ራሱ ዘፍ ብሎ ሳይቀመጥበት ለደንበኛ ሰጥቶ አያውቅም ነበር። ኪንታሮት ከያዘው ወዲህ ግን ወንበሩን ቆሞ ማሞገስ ጀመረ። ሚስቱ "ምነው መቀመጥ ተውክ?" ስትለው "ወገቤን ነው" ይላታል። በሽታውን ከሚናገር ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል።

ሲብስበት ተደብቆ ኪንታሮት ወደሚታከምበት ክሊኒክ ሄደ። ተራ መጠበቂያው ውስጥ ያሉት ስድስት ወንበሮች ባለፈው ወር እንዲሁ ቆሞ የሸጣቸው የእጁ ሥራዎች ናቸው። ስድስቱም ባዶ! በሽተኞቹ ሁሉ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ደሙ ፈላ። እነሱም እንደ እሱ መቀመጥ ቢያቅታቸው መሆኑ ሲገባው ግን ተረጋግቶ አጠገባቸው ቆመ።

ሐኪሟ መርምራው፣ "አባባ፣ ቀዶ ጥገና በጣም ለባሰበት ነው። የእርስዎን ሥሩን በትንሽ ላስቲክ አስረዋለሁ፤ ደም ሲያጣ ደርቆ በራሱ ይወድቃል" አለችው። እንዳለችውም ሆነ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቀጠሮው ሲመለስ እንደ ሙሽራ እየተንጎራደደ ነበር። የቆሙትን ገላመጣቸውና፣ "ወንበር የተሠራው ሊቀመጡበት ነው!" ብሎ መሀለኛው ላይ ዘፍ አለ።

ወዲያው ተስፈንጥሮ ተነሣ። በደንብ ያልተመታ ሚስማር ሱሪውን በስቶ ወግቶታል።

"ምነው ጋሼ፣ ወንበሩ ችግር አለው እንዴ?" አለው ከቆሙት አንዱ።

"የምን ወንበር!" አለ አናጢው፣ ወደ ግድግዳው እየተጠጋ፣ ክሊኒኩ ሁሉ እስኪሰማው ጮኾ። "ኪንታሮቴ ነው እንጂ!"