ሙሉነሽን የቻለ ብረት

«ማነው እሱ፣ አልጋዬ ስር እጁን የሰደደው?» አለች ሙሉነሽ፣ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ እስኪሰማ።

አብነት ከመኝታ ቤቷ ባዶ እጁን ወጣ። ከባሏ ከዶላሞ ጋር ለዓመታት ብረት የበየደ፣ ጢሙ የተንዠረገገ ጎልማሳ ነው፤ አሁን ግን እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ እትዬ፣ ይቅርታ» አለና ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

አልጋው ስር ያለውን ሁለቱም ያውቁታል። ዶላሞ በሞተ ዋዜማ በይዶ የጨረሰው የሞተር ሳይክል ዕቃ መጫኛ ነው። አልተቀባም፣ አልተገጠመም፤ በጠመኔ ያሰመረበት ምልክት እንኳ አልጠፋም። ከቀብር እንደተመለሱ ሙሉነሽ ከጋራዡ አንስታ በጋቢ ጠቅልላ ደበቀችው። የእጁ የመጨረሻ ሥራ ነዋ! ማን ይውሰድባት?

ለቀስተኛው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ከቱርሚ በአይሱዙ አቧራ ለብሶ የመጣው ነጋዴው ወንደሰን፣ በቅል የቀረበለትን የቡና ገለባ ሸፈሮ ተቀብሎ ሳይጠጣው ያዘ። «እትዬ ሙሉነሽ፣ ሚስቴ ምጥ ጠንቶባት ሐኪም ቤት ያደረስኳት ዶላሞ በሠራልኝ የሞተር መጫኛ ላይ ከኋላዬ አስቀምጬ ነው። ልጁም እናቱም አሉ። አመሰግናለሁ ልለው ዛሬ ነገ ስል ቀደመኝ» አለና እንባው መጣ።

«ሰምቶሃል፤ ጌታ ይስጥልኝ» አለችው። አፏ ላይ ሳቅ ቢጤ መጣባት፤ በለቅሶ ቤት አያምርምና በነጠላዋ ሸፈነችው። ያን መጫኛ ከወንደሰን ሚስት በፊት የተቀመጠችበት እሷ ነበረቻ።

ሌላው በያጅ ሥራውን በመዶሻ ይፈትሻል፤ ዶላሞ የሚፈትሸው በሚስቱ ነበር። ገጥሞ ሲጨርስ ወደ ጓሮ ዞሮ፣ «ሙሌ! ነይ ተቀመጪ!» ብሎ ይጣራል። እሷም የምትለቅመውን ቦሎቄ ጥላ፣ እያጉረመረመች ትመጣና ተደላድላ ትቀመጣለች፤ ከፍ ዝቅ ትላለች። ብረቱ ድምፅ ካላሰማ ባለሞተሩን፣ «በል ሂድ። ሙሉነሽን የቻለ ብረት የሐመርን መንገድ ይችላል» ይለዋል።

«ከጎፋ ስመጣ ሸንበቆ ነበርኩ እኮ» ትለዋለች።

«ታዲያ ያኔ ሥራዬ ሁሉ ይወላልቅ ነበር!»

የመጀመሪያውን ገጥሞ ሲጨርስማ እዚያው ላይ እንደተቀመጠች ሞተሩን አስነሥቶ፣ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ አዞራት። ፍየሎቹ ተበተኑ፤ ከተማው ወጥቶ ሳቀ። እሷ ጀርባውን በቡጢ እየደበደበች፣ «አውርደኝ፣ አንተ እብድ!» ትላለች፤ እሱ ይስቃል። በዚያች ቀን በምድር ላይ እሷን የመሰለች ደስተኛ ሴት አልነበረችም።

ከሰዓት በኋላ የጤና ባለሙያዋ ዮዲት መጣች። አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛ አለቀሰች፤ «ጌታ ያጽናሽ» አለቻት። ልትሸኛት ስትወጣ ግን ሙሉነሽ ደጅ የቆመውን ሞተር አየች። የክትባቱ ሳጥን ከኋላ ወንበሩ ላይ በተቀደደ የጎማ ከመነዳሪ ታስሮ ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። አብነትን ገለል አድርጋ ጠየቀችው።

«መጫኛው የእሷ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ጋሽ ዶላሞ ቃል ገብቶላት ነበር። ባለፈው ሳጥኑ ወይጦ መንገድ ላይ ወድቆ መድኃኒቱ ተበላሸ። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ዛፍ ስር ሲጠብቁ ዋሉ። ነገ ደግሞ አርቦሬ ትሄዳለች።»

«ታዲያ ምነው አልነገረችኝ?»

«ለቅሶ ቤት ዕቃ ይጠየቃል እንዴ? እሷ ብታፍር ነው እኔ ሌብነት የገባሁት።»

ሙሉነሽ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። ከአልጋው ስር ጎትታ ጋቢውን ፈታችው። ጣቷን ከጠመኔው መስመር ከፍ አድርጋ አሳለፈች፤ እንዳይጠፋ አልነካችውም። እሷ ጋ ቢቀርላት በወደደች ነበር። ግን ዶላሞ ብረት ለአልጋ ስር ሠርቶ አያውቅም። አቅፋው ወጣች።

«ግጠመው» አለችው አብነትን።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ነጋሽ ደነገጡ። «ኧረ ሙሉነሽ! በለቅሶ ቤት ብረት ሲቀጠቀጥ ሰው ምን ይላል?»

«ዶላሞ ቃሉን ጠበቀ ይበላ፣ ጋሽ ነጋሽ።»

አብነት ቁልፍና ብሎኖቹን አምጥቶ ሥራውን ጀመረ። ድንኳን ውስጥ መዝሙር ይዘመራል፤ ደጅ ብረት ይንኳኳል። ሲጨርስ እንደ ጌታው ወደ ጓሮ ዞሮ አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣውም። መልሶ ዘጋው።

ሙሉነሽ ግን ሰምታለች። ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ መጣችና ተደላድላ ተቀመጠች። ከፍ ዝቅ አለች። ብረቱ ሲጥ አለ።

«የግራው ዳዶ ላልቷል» አለች።

አብነት አጠበቀው። ደግማ ከፍ ዝቅ አለች፤ ብረቱ ጸጥ አለ። እንባዋ ይወርዳል፤ ልቧ ግን ፈጣሪን አመሰገነ። እንዲህ ያለ ሰው ሰጥቷት ነበርና። «ሂጂ ልጄ» አለቻት ዮዲትን። «ሙሉነሽን የቻለ ብረት የአርቦሬን መንገድ ይችላል።»

ስትወርድ የጠመኔው መስመር በጥቁር ቀሚሷ ላይ ነጭ ሆኖ ታትሟል። ዮዲት ልታራግፍላት እጇን ዘረጋች። ሙሉነሽ ያዘቻት።

«ተይው» አለችና እንደዚያው ሆና ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።