ባሕር ዳር ያለች ልጅ

ተናኘ ባሕር ዳር ትኖራለች። ይህ ውሸት አይደለም፤ ከደጇ ቆሞ ድንጋይ የወረወረ ሰው ባሕሩን አይስትም። ችግሩ ባሕሩ ጣና አለመሆኑ ነው። ከተማው ጅቡቲ ነው። አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ያሉት እናቷ ግን ለጠየቃቸው ሁሉ «ልጄ ባሕር ዳር ናት» ብለው ዝም ስላሉ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጣና አጠገብ አስቀምጧታል።

በሐምሌ ለዕረፍት ስትመጣ አንድ ነገር ብቻ ፈልጋ ነበር፤ እናቷ «ቅሪ» እንዲሏት። ባሏ ከበበው ወደብ ላይ ዕቃ ማስተላለፍ ከጀመረ ወዲህ እዚያ ሙቀት ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀቅላለች። ራሷ ቀረሁ ብትል «ባሏን ጥላ መጣች» ይባላል። እናት «ልጄን አልሰድም» ካለች ግን ከበበውም አይከራከርም።

የዕረፍቱ ቀን ግን በእንግዳ አለቀ። የሚመጣው ሁሉ «ምነው ጠቆርሽ? ጣና ዳር ስትንሸራሸሪ ነዋ» ይላታል። ልታስረዳ አፏን ስትከፍት የእናቷ እግር ከጠረጴዛው ሥር ይረግጣታል። እዚያ መብራት ጠፍቶ የአየር ማቀዝቀዣው ሲቆም ትራሷ በላብ እንደሚርስ ለማን ትንገር? ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ጨው ጨው ይላል። ታጥባ ሳትጨርስ ላቡ ይቀድማታል፤ ታጥቦ ጭቃ። ማታ ያቦካችው ሊጥ ሲነጋ ሆምጣጤ ሆኖ ይጠብቃታል፣ በርበሬው በእርጥበት ይጓጉላል። ባሕሩንስ ቢሆን በዚያ ፀሐይ ማን ወጥቶ ያየዋል? ሰው መቼም ሳሩን እንጂ ገደሉን አያይም፤ የእሷ ደግሞ ይባስ ብሎ ሳሩም የሌላ ከተማ ሳር ነው።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት የጎን ጎረቤታቸው እትዬ ገዲሴ በዝናብ መጡ።

«ተናኘዬ፣ ነገ አይደል የምትሄጂው? እኔም ልጄን ጆኒን ልጠይቅ ነገ ባሕር ዳር ነኝ። አብረን እንሄዳለን። እሱ ከጓደኛው ጋር ተዳብሎ ስለሚኖር አንቺ ጋ አድራለሁ።»

ተናኘ እናቷን አየች። እንግዳ እምቢ ማለት የማያውቀው የእናቷ አፍ ቀደማቸውና «ምን ገዶ፣ ቤትሽ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ተናኘ በገነች። «እትዬ ገዲሴ፣ እኔ የምኖረው ጅቡቲ ነው። ጣናን በፎቶ እንጂ አላውቀውም። ሰው ድስት ውስጥ ይኖራል? እኔ እኖራለሁ።»

እትዬ ገዲሴ እናትየዋን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። «ጅቡቲም እኮ ባሕር ዳር ነው» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ።

«ምን አሳፈረሽ?» አለች ተናኘ በሩ እንደተዘጋ። «በወግ በማዕረግ ድረሽኝ አይደል የሄድኩት?»

«አፍሬ አይደለም» አሉ እናቷ። «በሄድሽ ሰሞን የት ናት ሲሉኝ ጅቡቲ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። የሰው አገር ነው፤ አንድ ነገር ብትሆኚ በምን እደርስልሻለሁ? ባሕር ዳር ስል ግን፣ ሲከፋሽ አውቶቡስ ተሳፍሬ የምደርስ ይመስለኛል። እንቅልፍ የሚወስደኝ እንዲያ ስል ነው።»

ተናኘ ንዴቷን የምታሳርፍበት አጣች። «እንግዲያው ቅሪ በይኛ። አንቺ ካልሽ ከበበው እሺ ይላል።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«እሱስ እዚያ ብቻውን ምን ይሁን?» አሉ እናቷ። ቀጥለው ደግሞ «ፓስፖርት የሚያወጡት የት ሄደው ነው?» ብለው ጠየቁ።

ተናኘ የፈለገችው ይህን አልነበረም። «ሙቀቱን አትችዪውም፣ እማዬ» አለች።

«አንቺስ መች ቻልሽው?» አሉ እናቷ።