ብቻዋን የቀረችው ስንኝ

ሰውየውን ገና ከበሩ ሳየው አልወደድኩትም። የሚጠላ ነገር ኖሮት አይደለም እኮ! ኮቱ ንጹሕ፣ ሰላምታው ትሑት፣ የመግቢያ ክፍያውን መልስ እንኳ "ለመጽሔቱ ይሁን" ብሎ ትቶልናል። ግን መጽሔቱን ገለጠና የሚፈልጋትን ገጽ ወዲያው አገኛት።

"ይቺን ስም የሌላትን ግጥም የጻፈችው ሴት ዛሬ ትገኛለች?" አለኝ።

"በፖስታ ነው የመጣልን፤ ማን እንደጻፈው አናውቅም። ደግሞስ ሴት መሆኗን ማን ነገረዎት?"

ፈገግ አለና ገባ። መውጫው አጠገብ ተቀመጠ።

የመጽሔቱ አዘጋጅ እኔ ነኝ። የወረቀት ዋጋ ሰማይ ስለነካ፣ የሚቀጥለውን እትም ለማሳተም ግጥምና ሙዚቃ አሰናድተን ሰው ጠራን። አዳራሻችን የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወንበሮቹ ሲነኳቸው የሚያለቅሱ። ታናሽ እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጭምቷ ነው የምንላት። ግጥሙ የእሷ ነው።

ጭምቷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ፋብሪካው የተቃጠለ ዕለት የገባችው በታመመች ጓደኛዋ ተራ ነው፤ ስለዚህ እዚያ እንደነበረች ባለቤቶቹ አያውቁም። ከኋላው በር ላይ ከተከመሩት ሠራተኛ ልጆች ውስጥ በመታጠቢያ ቤት መስኮት ሾልካ የተረፈች እሷ ብቻ ናት። ባለቤቶቹ "ደንግጠው መውጫው ጠፋባቸው" ብለው አስቀበሯቸው። እሷ ግን ያንን በር በትከሻዋ ገፍታዋለች። ለእናታችንና ለእኔ ነገረችን፣ ከዚያ ይህን ግጥም ጻፈች። እኔ መጽሔቱ ላይ ሳትመው ስሟን ሰረዝኩ። ያም አልበቃኝም፤ ስለ በሩ የምትናገረዋን ስንኝ ቆረጥኳት።

"እትዬ፣ ከቆረጥሽ ሁለቱንም ቁረጪ" ብላኝ ነበር። "ቤት ያልመታ ግጥም አንካሳ ነው፤ ሰው ሁሉ ያየዋል።"

"እሱ ያንክስ፤ አንቺ በእግርሽ ሂጂልኝ!" አልኳት። በመልሴ ደግሞ ኮርቼ ነበር፣ አይ እኔ!

በምሽቶቻችን አንድ ልማድ አለን። ለመጽሔቱ ያዋጣ እንግዳ ደስ ያለውን ግጥም መርጦ፣ በጊታር ታጅቦ ያነባል። የመድረክ መሪው ገና "ማን ይምጣልኝ?" ከማለቱ ሰውየው ተነሣ። ጊታር ተጫዋቹ ቀስ ብሎ ክሩን መነካካት ጀመረ።

አነባበቡ፣ እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። ድምፁ አይቸኩልም። እዚያች ቦታ ደረሰ፦

"መውጫው ጠፋባቸው ብሎ ለሚያወራው፣"

ቆመ። ጊታሩ ብቻ ቀጠለ።

"ይቺ ብቻዋን ቀረች" አለ ሰውየው። "ጓደኛዋ የት ሄደች? እስቲ ገጣሚዎች ሞልታችኋል፤ ማን ይሙላልኝ?"

ጉድ ፈላ! ገጣሚ ደግሞ ጎዶሎ ቤት አሳይተኸው ዝም ይላል? ጡረታ የወጡት መምህር ከፊት ወንበር ብድግ አሉ፦

"ምን አባቱ ያውቃል፣ ይናገር በተራው!"

ሳቅና ጭብጨባ ሆነ። "በቃ፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ!" ብዬ ጮህኩ፤ ማን ሰምቶኝ! ጊታር ተጫዋቹ ቀልድ ካገኘ እናቱንም አይምርም፤ ወደ ማይኩ ጎንበስ አለ፦

"አንድ ብርጭቆ ስጡት፣ ይቅለለው መከራው!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ የማየው እህቴን ነበር። ፊቷ ሲቀላ፣ ከዚያም ሲነጣ አየሁ። በወንበሮቹ መሃል ወደ እሷ መሄድ ጀመርኩ። አልደረስኩም።

"አትቀልዱበት!" ብላ ተነሣች። የዚያን ያህል ስትጮህ በዕድሜዬ ሰምቻት አላውቅም። "እንዲህ ነው የሚለው፦

መውጫው ጠፋባቸው ብሎ ለሚያወራው፣
ከውጭ መቆለፉ ነበረ መከራው።"

ጊታሩ ጸጥ አለ። ከዚያ እነዚያ የእኔ የዋሆች፣ ምን እንደሰሙ ያልገባቸው፣ ቤቱ ስለመታላቸው ብቻ ደስ ብሏቸው "ይደገም!" አሉ። "ይደገም! ይደገም!" ሰውየውም ከመድረኩ ላይ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል፣ ለስለስ አድርጎ "ይደገም" አለ።

ደገመችው። ሰው ሲያጨበጭብላት የመጀመሪያዋ ነው። እንባዋ እየወረደ ፈገግ ብላ ነበር፤ ይህ ነው እስካሁን አንጀቴን የሚበላው።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ቀጣዩ ዘፈን ሲጀምር ክንዷን ይዤ ወደ መውጫው ጎተትኳት። ሰውየው ቀድሞን ደርሶ በሩን በአክብሮት ከፍቶ ይዞልን ጠበቀን።

"ዝናብ ጀምሯል፤ መኪና ይዣለሁ፣ ላድርሳችሁ።"

"ቤታችን ቅርብ ነው፤ አያስፈልገንም!"

"አውቀዋለሁ። የአዘጋጇን ቤት ማን ያጣዋል? እኔ እንኳ የመጣሁት ገጣሚዋ ማን እንደሆነች እርስዎን ልጠይቅ ነበር። እህትዎ አቀለለችልኝ።" ወደ ጭምቷ ዞረ። "ስለዚያ በር ትንሽ እንጫወታለን፤ ሌላ ምንም የለም።"

"ከዚህ ንቅንቅ አትልም!" አልኩት።

"እንደ ፈቃዳችሁ" አለ፤ ሰዓቱን አየ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ድምፁን ለሁለታችንም ከፈትኩት።

"የት ቀራችሁ ልጆቼ? ጓደኛችሁ ሲያጫውተኝ አምሽቶ አሁን ገና ወጣ። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰላችሁ! ሌባ እንዳይገባብኝ ብሎ በሩን ከውጭ ቆልፎልኝ ሄደ። ቁልፉን ለእናንተ ይሰጣችኋል።"

ሰውየው በሩን እንደያዘ ዝናቡን ያያል። ከኋላችን ሰዎቹ ለዘፈኑ ያጨበጭባሉ።

ጭምቷ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

"እማዬ" አለቻት፣ "ምድጃውን አጥፊው። ከዚያ መስኮቱ ጋ ሂጂ።"